የአፕሪሲቲ ችሎት

ብርቅዬ የሚሏት ስሟ ሆኖ አይደለም። በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ፊደል መጨረሻ ላይ የምትገባውን «ብርቅ ቃላት» የምትባል ትንሽ ክፍል የምታዘጋጀው እሷ ስለሆነች ነው። ሌሎቹ አዘጋጆች እንግሊዞች በየቀኑ የሚናገሯቸውን ቃላት ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ በር፣ ወንበር፣ ግብር፣ ኮምፒውተር። እሷ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው የረሷቸውን፣ አያቶቻቸው እንኳ ቢሰሟቸው ግንባራቸውን የሚቋጥሩባቸውን ትለቅማለች። ይሄም ሥራ ሆኖ ነው ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው። «ሰው የጣለውን ማንሳት ሥራ ካልሆነ ምን ሥራ አለ?» ትላለች።

ዋና አዘጋጁ ደግሞ መቀስ ነው። ይሄም ስሙ አይደለም፤ ፊት ለፊት እንዲያ ብሎ የሚጠራውም አልተወለደም። አንድ ገጽ ሲሰጡት ግማሽ አድርጎ ካልመለሰ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ክፉ አይደለም። እንዲያውም ሲስቅ ደስ ይላል፤ ችግሩ የሚስቀው ሲቆርጥ መሆኑ ነው። ብርዱ ሲገባ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ግራጫ የሱፍ ስካርፍ ብርዱ እስኪወጣ አይፈታውም፤ ሲናገር አፉ ከስካርፉ በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። አጠራጣሪ ቃል ሲገጥማቸው ችሎት ይቀመጣሉ። ቃሉ ተከሳሽ ነው፤ ቃሉን ያመጣው አዘጋጅ ጠበቃ። መቀስ ዳኛም ዓቃቤ ሕግም ነው፤ እንዴት ሁለቱንም ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም። ጠበቃ ወረቀት ይዞ አይገባም። በዚያ ላይ መቀስ ራሱ ያወጣት «ቃሉን አሳየኝ» የምትል ሕግ አለች። ቃሉ የማንኪያ ስም ከሆነ ማንኪያው ይቀርባል፤ የጥንዚዛ ስም ከሆነ ጥንዚዛው በብልቃጥ ተደርጎ ይቀርባል። አንዱ አዘጋጅ ቁመቱን የሚያህል መጋዝ ይዞ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ከሾፌሩ በቀር ሁሉም ሰው እንደወረደለት እስከዛሬ ይወራል። ዳኛው የቀረበለትን ነገር ካየ በኋላ ምን እንደሆነ በራሱ አፍ ይናገራል፤ የተናገረው ትርጉም ሆኖ ይያዛል። የሞኝ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን የዚያ መዝገበ ቃላት ትርጉሞች ጥርት ብለው የወጡት በዚህ ጨዋታ መሆኑን የማይወዷቸው ሰዎችም ያምናሉ።

በዚያ ሳምንት ነገሩ ጨዋታነቱ ቀረ። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊደል ገጾች ቅዳሜ ማተሚያ ቤት መግባት ነበረባቸው፤ በዚያ ፊደል ሥር ያሉት የብርቅዬ ቃላት ደግሞ ተራ በተራ ችሎት ቀርበው ተራ በተራ ወድቀዋል። የቀረው አንድ ብቻ ነው። መቀስ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠርቶ ቁርጡን ነገራት።

«ይሄም ከወደቀ ብርቅ ቃላት የሚባል ክፍል አይኖርም» አላት። «የመጀመሪያው ፊደል ላይ የሌለ ክፍል ሁለተኛው ላይ ከየት መጣ ሊባል ነው? አንቺም ሥራ አትፈቺም። የስልክ ማውጫ እርማት ላይ ሰው ጎድሏል።»

የስልክ ማውጫ! ዕድሜዋን ሙሉ ከቃል ጋር የኖረች ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ቁጥር ስታነብ ልትውል ነው። መቀስ ፊት ከማልቀስ ግን ሞቷን ትመርጣለች። «እሺ፣ እናያለን» ብላ በሩን ሳታስጮኸው ዘግታ ወጣች።

የቀረው ቃል አፕሪሲቲ ይባላል። በብርድ ወራት የሚሰማ የፀሐይ ሙቀት ማለት ነው። የትኛውም ፀሐይ አይደለም፤ ሰው ጥላ ፍለጋ የሚሮጥባት ያቺ ቁጡ ፀሐይ እዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም። ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ባለበት ቀን፣ ነፋስ በማይደርስበት ግድግዳ ሥር ቆም ያለ ሰው ጀርባው ላይ የሚሰማው ነገር ነው። ሁሉም ያውቀዋል። እንግሊዞቹም ያውቁታል፤ ስሙን ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውጥተውለት መልሰው ረሱት። ብርቅዬ ቃሉን ያገኘችው ቀን ብቻዋን ስትስቅ እንደዋለች ባልደረቦቿ ያስታውሳሉ።

ማክሰኞ ችሎቱ እንደ ወትሮው በስብሰባ አዳራሹ ተቀመጠ። አዳራሽ ይበሉት እንጂ ጉድጓድ ነው። ፀሐይ በማይዞርበት በኩል የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ የድሮ መጻሕፍት ቀለም እንዳይለቅ ተብሎ መጋረጃው ዓመቱን ሙሉ አይከፈትም። የቃል ሊቃውንት ነን የሚሉ ሰዎች ስለ ፀሐይ ሊፈርዱ የተሰበሰቡት እዚያ ውስጥ ነበር። አንዳቸውንም ነገሩ አልከነከናቸውም፤ ብርቅዬንም ጭምር።

እሷ እቴ! አሳዪኝ የምትለዋን ሕግ ላሟላ ብላ ከቤቷ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሸክማ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሰካችው። ማሞቂያው ቀስ በቀስ ቀላ፤ ከአምና ጀምሮ የተኛበት አቧራ መቃጠል ጀመረ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ከመቀስ ቀኝ የሚቀመጡት ሽማግሌው አማካሪ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ በተከታታይ አስነጠሳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መቀስ።

«ሙቀቱን ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ሙቀት፣ ግን ከፀሐይ የመጣ...»

«እኔ የማየው ማሞቂያ ነው። ማሞቂያ የሚለውን ቃል አስገብተነዋል፤ ቀሽም ቃል አይደለም፤ ይበቃናል።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ገጽ አቀናባሪ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምታንሰው ልጅ፣ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። ብርቅዬ ፊቷ በላብ ተጠመቀ።

«ቆይ እንዲህ ላስረዳዎት፤ ክረምት ላይ ፀሐይ ስትወጣ...»

«ክረምት ብለሽ ከጻፍሽማ አንባቢው ጃንጥላውን ይዞ ይነሳል» አለ መቀስ። እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነው። «ደግሞስ ፀሐይ መሞቅ የሚል ነገር አለን አይደል? ምን ጎደለን?»

«ፀሐይ መሞቅ ሰውየው የሚሠራው ነው፤ ይሄ የሚሞቀው ነገር ራሱ...»

አልጨረሰችም። ቆጣሪው ጧ አለና መብራት ጠፋ። ፎቁ በሙሉ ድርግም አለ፤ ከወዲያ ማዶ ቢሮ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያላስቀመጠውን ሥራ አስታውሶ ሲያለቅስ ተሰማ። በጨለማው ውስጥ የመቀስ ድምፅ መጣ።

«ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻ ቀጠሮ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም» አለ፤ እየሳቀ እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል።

የብርቅዬ ባል ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነው፤ ሰፈሩ ፊሽካ ይለዋል። ማሞቂያውን ታቅፋ ስትገባ ከሶፋው ሳይነሳ ቀና ብሎ አያት።

«ተሸነፍን?»

«መሸነፍ ብቻ? መብራት አጠፋሁ እንጂ!» አለችና ኮቷን ሳታወልቅ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከሰኞ ጀምሮ ያመቀችው እንባ ያኔ ዝርግፍ አለ። «ከእንግዲህ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሰባት ስል ልሞት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር? ማንም የማይፈልገውን ስሰበስብ! ምናለ እንደ ሰው በር እና ወንበር ብተረጉም ኖሮ?»

ፊሽካ በሜዳ ሙሉ ሕዝብ ሲሰደብ ቅንጣት የማይደነግጥ ሰው፣ የሚስቱን እንባ ሲያይ መላ ቅጡ ይጠፋዋል። እግሯን ወደ ጭኑ ስቦ ጫማዋን አወለቀላት።

«አሁን ለቅሶውን ተይውና ዳኛው ያለውን ንገሪኝ። ቃል በቃል።»

«አሳዪኝ ነው የሚለው። ፀሐይን እንዴት አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጥለት?»

«ሰውየው ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጥ ነገር ገጥሞት አያውቅም እንዴ?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተችና እንደከፈተች ቀረች። ክሬን! አምና የክሬን መንጠቆ ስም ሲያከራክራቸው፣ መቀስ ራሱ «ዕቃው ወደ ችሎቱ ካልመጣ ችሎቱ ወደ ዕቃው ይሄዳል» ብሎ ሁሉንም እየነዳ አደባባዩ ዳር ያለው ግንባታ ድረስ ወስዷቸው ነበር። ጋሼ እንኳ የሠራተኞቹን ቢጫ ቆብ ደፍተው አንጋጠው ቆመው ነበር።

ይሄን ስትነግረው ፊሽካ ከሶፋው ተፈናጥሮ ተነሳ። «በቃ፣ አለቀ! ዳኛ አንዴ የፈቀደውን ሁለተኛ ጊዜ ከከለከለ ስታዲየሙ ይበላዋል። እኔን ጠይቂኝ፤ ተበልቼ አውቃለሁ።»

ብርቅዬ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች። በዚያ ምሽት እራቷን በላች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ጣሪያው ወጣች። የሕንፃው ጣሪያ ዝርግ ሲሚንቶ ነው፤ የውሃ ታንከሮች፣ የዛገ ዲሽ፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ቆመች። ነፋሱ ጆሮዋን ቆርጦ ሊወስድባት ምንም አልቀረው። እዚህ ላይ ችሎት ብታስቀምጥ መቀስ ቃሉን ብቻ ሳይሆን እሷንም ከጣሪያው ይወረውራታል። ዞር ዞር አለች፤ በታንከሮቹ መሃል ተሽሎክልካ ከደረጃው ቤት ጀርባ ስትደርስ ነፋሱ በአንዴ ጠፋ። ነጭ ግድግዳ ነው፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ታየዋለች። ጀርባዋን አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ጉንጯ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ጨምድዷት የነበረው ትከሻዋ ለቀቅ አለ። ስሙን ለዓመታት ስታውቀው ነገሩን ረጋ ብላ ስትሞቀው ያ የመጀመሪያዋ መሆኑ ገረማት፤ አፈረችም።

ከማዶ ያለው ረጅም ሕንፃ ጥላ ከሰዓት በኋላ እየተንፏቀቀ መጥቶ ግድግዳውን እንደሚውጠውም አየች። ስለዚህ ዓርብ መዘግየት የለም። ሐሙስ ደግሞ ሰማዩ ደፍኖ ዋለ፤ ብርቅዬ ቀኑን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ስታይ ጽፋ የጨረሰችው አንድ መስመር የለም። ፊሽካ ማታ ላይ «ዝናብም ቢዘንብ ጨዋታው አይቋረጥም» ሊላት ሞክሮ ዓይኗን ሲያይ ሻይ ሊያፈላላት ተነሳ።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ተወልውሎ ነጋ። ብርዱ ግን ለጉድ ነበር፤ የየመኪናው መስታወት አመዳይ ለብሶ ነበር ያደረው። ብርቅዬ ገጽ አቀናባሪዋን ጠራቻት።

«እናቴ፣ አንድ ውለታ ዋይልኝ። ወንበር ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?»

«እትዬ፣ እርስዎን ከስልክ ማውጫ ለማዳን ከሆነ ጠረጴዛውንም እሸከማለሁ» አለች ልጅቷ። ደህና ደህና ወንበሮችን መርጠው በደረጃው እየተጋፉ አወጡና ግድግዳው ሥር ደረደሯቸው።

ከሰዓት ሆነ። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ቁጭ ብለዋል፤ መቀስ ግን ከማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ስልክ ይዞ አልመጣም። ብርቅዬ የጥላው ነገር ዓይኗ ላይ ድቅን እያለ ስትቁነጠነጥ ቆየች። በመጨረሻ ስካርፉን እያስተካከለ ገባ።

«እህ፣ ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ? ምድጃ?»

«ዛሬ ምንም አልያዝኩም። ችሎቱ ወደ ጣሪያው እንዲወጣልኝ እጠይቃለሁ።»

«በዚህ ብርድ? አብደሻል?»

«ዕቃው ወደ ችሎቱ ካልመጣ ችሎቱ ወደ ዕቃው ይሄዳል» አለች ብርቅዬ። «የእርስዎ ቃል ነው፤ አምና፣ ክሬኑ ጋ።»

መቀስ ሊያስተባብል አፉን ከስካርፉ በላይ አወጣ። ጋሼ ቀደሙት።

«እውነቷን ነው። ያ ቢጫ ቆብ ሳምንት ሙሉ ጭንቅላቴን ሲያሳክከኝ ከርሟል፤ እንዴት እረሳዋለሁ?»

መቀስ ዙሪያውን ቢያይ የሚያግዘው ጠፋ። እያጉረመረመ ተነሳ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስካርፉን አጠበቀ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ፊቱን በጥፊ መታው።

«አየሁ! ብርድ ነው። ብርድ የሚለውን ቃል አስገብተነዋል። እንውረድ» አለ።

«በዚህ በኩል ነው» አለች ብርቅዬ፤ ጋሼን ክንዳቸውን ይዛ በታንከሮቹ መሃል መራቻቸው። መቀስ ከበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እዚሁ ሆኜ ይታየኛል አለ። ሌሎቹ ግን አንድ በአንድ ከደረጃው ቤት ጀርባ ገቡ። የጥላው ጫፍ ከወንበሮቹ ብዙም ሩቅ አልነበረም።

ጋሼ ተቀመጡ። እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፤ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት፤ ከዚያ «እህህህ...» አሉ፤ ከሆድ የወጣ ረጅም የደስታ ትንፋሽ። ገጽ አቀናባሪዋም ኮቷን ከፍታ ግድግዳውን ተደገፈች። ከበሩ በኩል ብቻውን ነፋስ የሚገርፈው ሰው ማንም ሳይመለስ ሲቀር አላስቻለውም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ቃሉን እያየን» አሉ ጋሼ።

መቀስ ኮሌታውን ይዞ መጣ። መሃል ላይ ባዶ የተተወለትን ወንበር ጠርጠር አድርጎ አየውና ተቀመጠ። ብርቅዬ ፀሐይዋን እንዳትከልለው ጎኑ ቆመች። አሁን ከተናገረች ታበላሸዋለች፤ ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። መቀስ መጀመሪያ እንደ ተከሰሰ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጀርባው ወንበሩን አገኘው። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ወረደ። ከዚያ እጁ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደና ስካርፉን ፈታው፤ ገጽ አቀናባሪዋ የብርቅዬን ክንድ ቆንጥጣ ልታደማት ነበር። አንገቱን በብርድ ወራት ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው፤ እንደ ማንኛውም ሰው አንገት ነው።

«እንግዲህ ዳኛው ያዩትን ይናገሩ» አለች ብርቅዬ በለስላሳ ድምፅ።

«ሙቀት ነው» አለ መቀስ ዓይኑን ሳይከፍት።

«ማሞቂያም ሙቀት አለው፤ ማክሰኞ አልተቀበሉኝም።»

«እሺ፣ የፀሐይ ሙቀት።»

«አናት የሚበሳው የፀሐይ ሙቀትም እንደዚህ ነው?»

«አይ፣ እሱማ ያሸሻል። ይሄ ቁጭ በል ቁጭ በል ይላል።» መቀስ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ጨፈነ፤ ቃል ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በሥራው አይታማም። «ብርዱ እዚያው አጠገብሽ ስላለ ነው የሚጥመው። እግሬን ወደዚያ ብዘረጋ ይበርደኛል፤ እዚህ ግን... የብርድ ወራት የፀሐይ ሙቀት ነው በቃ።»

«ይያዝልኝ!» አለች ብርቅዬ። «ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ሰውዬም ያለው ይሄንኑ ነው። ከባባድ ቃላት የሚሰበስብ እንግሊዛዊ ነበር፤ ይሄን ቃል ከላቲን አምጥቶ የብርድ ወራት የፀሐይ ሙቀት ብሎ መዘገበው። በላቲን አፕሪከስ ማለት በፀሐይ የሞቀ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ማለት ነው። ከፈተ ከሚለው ግስ ሳይወለድ አይቀርም የሚሉም አሉ፤ ለፀሐይ ክፍት የሆነ ቦታ፣ ይሄን የተቀመጥንበትን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከአንዱ መዝገበ ቃላት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ብቻ ኖረ።»

ይሄን የመጨረሻውን ባትናገር ይሻላት ነበር፤ ግን ብርቅዬ ቃሏን ለማዳን ብላ ስለ ቃሏ የምትዋሽ ሴት አይደለችም። መቀስ ወዲያው ዓይኑን አፈጠጠ።

«ያዝኳት! አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት! ትርጉሙን አልካድኩም፤ ሸጋ ነው። ግን ሬሳ ነው። ሕያው ሰው በገዛ አፉ፣ ለገዛ ጉዳዩ ሲናገረው ካልሰማሁ አላስገባም።»

ብርቅዬ ሃያ ዓመት የፈራችው ጥያቄ ይሄው ነው፤ ማን ይፈልገዋል የሚለው። ባዶ የቀረ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጥላው ወደ ጫማዋ ሲመጣ አየችው። የስልክ ማውጫው አንድ ክንድ ቀረው።

የገጽ አቀናባሪዋ ስልክ ጮኸ። አንስታ ሰማችና ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ መቀስ ዞረች።

«የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ገጾቹን መቼ ነው የምትሰጡን፣ ዋና አዘጋጁን አቅርቢልኝ ነው የሚሉት።»

መቀስ ከክርክሩ ተመልሶ ፀሐዩ ውስጥ ሰምጦ ነበር። ዓይኑን አልከፈተም፤ እጁን ብቻ ዝንብ እንደሚያባርር አወዛወዘ።

«አፕሪሲቲ ላይ ነው በያቸው! ሲጨርስ ይደውላል።»

ልጅቷ ብልጥ ናት፤ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «አፕሪሲቲ ላይ ናቸው፤ ሲጨርሱ ይደውላሉ» አለች።

«ምን ላይ?» አለ ጎርናናው ድምፅ።

«በዚህ ብርድ ከነፋስ ተከልለው የሚሞቁት ፀሐይ። ሙቀቱ አፕሪሲቲ ነው የሚባለው።»

«እንዴ! ስም አለው?» አለ ኃላፊው። «እኛም እኮ ከምሳ በኋላ ከማሽን ክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፈን... ሠራተኛው ሁሉ እዚያ ነው የሚጠፋብኝ! በያቸው አፕሪሲቲያቸውን ይጨርሱ፤ እኔም ወደ አፕሪሲቲዬ ልውጣ» ብሎ እየሳቀ ዘጋው።

ጋሼ ቀስ ብለው ወደ መቀስ ዞሩ። «ሕያው ሰው፣ በገዛ አፉ፣ ለገዛ ጉዳዩ» አሉ እየቆጠሩ። «አንተ ሕያው ነህ? መሰለኝ።»

መቀስ ያለውን ያወቀው ያኔ ነው። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፈነዳ። ሳቀ፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። በዚያ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ሳይቆርጥ ሲስቅ የታየው ያን ቀን ነው።

«በገዛ አፌ ያዝሽኝ!» አላት እንባውን እየጠረገ። «ገብቷል። በቃ፣ ገብቷል። ክፍሉም ከዚህ ፊደል እስከ መጨረሻው ፊደል ይቀጥላል፤ ስልክ ማውጫው ሌላ ሰው ይፈልግ። ማንም ከቦታሽ አያነሳሽም።»

ብርቅዬ ተነሳች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት እስከ ጣሪያው ጠርዝ ሄደች፤ ነፋሱ ፀጉሯን በተነው፤ ግድ አልሰጣትም። ደረቷ ውስጥ ያለው ደስታ መውጫ አጥቶ ነበር።

«ገባ!» ብላ ጮኸች። «ገባ! ገባ!»

መንገድ ላይ ሰዎች ቆመው አንጋጠጡ። ከማዶው ሕንፃ አንዲት ሴት መስኮቷን በርግዳ ከፈተች፤ ኳስ መስሏታል።

«ማን ነው ያገባው?» አለች።

«እኔ ነኝ!» አለች ብርቅዬ። «እኔ!»

ስትመለስ ጥላው የመቀስን ጫማ ነክቶ ነበር። ገጽ አቀናባሪዋ እንውረድ መስሏት ኮቷን ቆለፈች። መቀስ ግን ስካርፉን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ተነሳ፤ ወንበሩን በጀርባው ያዘና ፀሐይዋ ወዳለችበት ወደ ግድግዳው ጫፍ ጎተተው። ጋሼም የራሳቸውን ጎተቱ። ብርቅዬ ሁለት ወንበር ይዛ ተከተለቻቸው፤ አንዱን ለልጅቷ ሰጠችና በመሃላቸው ተቀመጠች።